ሚዛናዊ ያልተሟላ ብሎክ ዲዛይን ምንድን ነው?

ሰባት ቡና አለን እንበል፦ ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ጉጂ፣ ሐረር፣ ሊሙ፣ ጅማና ነቀምት። የትኛው የበለጠ እንደሚጥም በሙከራ መለየት ፈለግን። ችግሩ፣ ቀማሾቹ ባለሙያ አይደሉም፤ እንደኛ ተራ ጠጪ ናቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከዚያ በኋላ ምላሳቸው መለየት ያቆማል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ከሦስት ሲኒ በላይ አንሰጥም።

ግን ሰው ይለያያል። አንዱ ቸር ነው፣ የቀረበለትን ሁሉ ከአሥር ዘጠኝ ይሰጣል። ሌላው አራት ሲሰጥ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐረር ዕድሉ ጠሞ ለስስታሞቹ ብቻ ከደረሰ፣ የለካነው ቡናውን ሳይሆን ቀማሹን ነው።

መላው ይኸው። ቡናዎቹን ከ1 እስከ 7 ቁጥር እንስጣቸውና ለሰባት ሰዎች እንዲህ እናድል፦ 1-2-3፣ 1-4-5፣ 1-6-7፣ 2-4-6፣ 2-5-7፣ 3-4-7፣ 3-5-6። የፈለጋችሁትን ሁለት ቡና ምረጡ፤ አንድ ቀማሽ ፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛሉ። (የትኛው ሰው የትኛውን ምድብ እንደሚወስድና የሲኒዎቹ ቅደም ተከተል በዕጣ ይወሰናል።)

እዚህ ላይ ብሎኩ፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚነጻጸሩትን የሚሰበስበው ምድብ፣ ቀማሹ ነው። ሰባቱንም የቀመሰ ስለሌለ ብሎኩ ያልተሟላ ነው። ሚዛናዊ የሚለው ቃል ነው ሰው የሚያሳስተው። እያንዳንዱ ቡና እኩል ጊዜ መቀመሱ አይበቃም፤ ማንኛውም ጥንድ እኩል ጊዜ መገናኘት አለበት።

ጥቅሙ ስሌቱ ላይ ይታያል። ቡናው ያገኘው ነጥብ ከቀማሹ አማካይ በምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ታያላችሁ። ከስስታም የተገኘ 5 ከቸር ከተገኘ 7 ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ግን የቀማሹም አማካይ በደረሱት ቡናዎች ጥራት ይወሰናል። ይህን ለማረም ቡናው ከቀመሱት ሦስት ሰዎች ያገኛቸውን ሦስት ልዩነቶች ደምሮ በ3/7 ማባዛት ብቻ ነው፤ ጥንዶቹ እኩል ስለተገናኙ ማባዣው ለሰባቱም አንድ ነው።

ዘዴውን በ1936 ያቀረበው በእንግሊዝ የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዬትስ ነው። በእርሻ ሙከራ የቀማሹን ቦታ የሚይዘው ቁራሽ መሬት ነው፤ እሱም ለምና ጭንጫ አለው።

ቁጥሩ ግን አመለኛ ነው። ስምንተኛ ቡና ብትጨምሩስ? እያንዳንዱ ቡና ሰባት ተፎካካሪ አለው፤ አንድ ቀማሽ የሚያገናኘው ከሁለት ጋር ነው። ሰባት ለሁለት እኩል ስለማይካፈል እያንዳንዱ ቡና ቢያንስ 7 ጊዜ መቀመስ ይኖርበታል። ያ 56 ሲኒ ነው፤ 56 ደግሞ ለሦስት አይካፈልም። እስኪካፈል ስናበዛው 168 ሲኒ ይሆናል፤ ቀማሾቹም 56! ለዘጠኝ ቡና ግን 12 ሰው ይበቃል። ስምንት ካላችሁ አንዱን አስቀሩት፣ ካልሆነም ከጎረቤት አንድ ተበደሩ።