«የመብት ገደብ» ምንድን ነው? ገደቡስ የተጣለው በማን ላይ ነው?

ሰሞኑን ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ቡና እየጠጣሁ ከጎኔ የተቀመጡ ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። ጉዳዩ የአምልኮ ቤት ድምፅ ማጉያ ነው። አንደኛው በልበ ሙሉነት፣ «መብት ገደብ አለው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ራሱ ይላል። ክልሉ ከፈለገ ይከለክላል፣ አለቀ» አለ። ሌሎቹ ዝም አሉ። እኔ ግን ቡናዬ ቀዘቀዘ። ይህን አባባል ከተማሪዎቼም ሰምቼዋለሁ፣ ከሹሞችም ሰምቼዋለሁ።

የሃይማኖት ነፃነት ምን እንደሆነ አላብራራም። ጅማ ውስጥ አዛንም ቅዳሴም እየሰማ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያናድደኝ «ገደብ» የምትለዋ ቃል አያያዝ ነው።

አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሚገደበው በሕግ ነው ይላል። ሕጉ የሚወጣበትንም ምክንያት አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ የሕዝብ ደህንነት፣ ሰላም፣ ጤንነት፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራል፣ የሌሎች ሰዎች መሠረታዊ መብትና ነፃነት፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑ። ይህ ዝርዝር የተጻፈው ለማን ይመስላችኋል? አማኙማ ለማመን ዝርዝር አያስፈልገውም። ዝርዝሩ የመንግሥት ነው። እጅህን ከዚህ አታሳልፍ የተባለው እሱ ነው። ደግሞም የሚገደበው መግለጹ ብቻ ነው። ሰው በልቡ የያዘውን እምነት ማንም አይነካም። በማስገደድ ማስለወጥም በንዑስ አንቀጽ 3 ተከልክሏል።

ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳው በጅማ በርጩማ ነው። በርጩማችን ሦስት እግር አለው። ገደብም እንደዚያው ነው። አንዱ እግር ሕግ ነው። ሁለተኛው ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሦስተኛው አስፈላጊነት ነው፤ ቀለል ባለ መንገድ ሊፈታ የሚችለውን ነገር በክልከላ አትፍታው ማለት ነው። ሹሙ ገደብ ላይ ልቀመጥ ካለ ሦስቱም እግሮች መሬት መንካት አለባቸው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ «ሦስተኛው እግር ከየት መጣ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አስፈላጊነት በግልጽ የተጻፈው በዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 18(3) ላይ ነው። ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። በአንቀጽ 13(2) ደግሞ መብቶቹ ከእነሱ ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎሙ ይላል። የእኛ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚጠረበው፤ እግሩ በኋላ በምስማር አይመታበትም። ይሄም እግር ከዚያው ግንድ የወጣ ነው።

ወደ ድምፅ ማጉያው ልመለስ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995፣ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ የድምፅ መጠን ደረጃ ሊወጣለት ይችላል። ደረጃው ለመስጊዱም፣ ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለጸሎት ቤቱም፣ ለሠርግ ድንኳኑም፣ ሙዚቃ ለሚያንባርቀው ሱቅም እኩል ከሠራ በርጩማው ይቆማል። የታመመም፣ ሕፃን ልጅ ያለውም ሰው ሌሊት መተኛት አለበት። ነገር ግን ሠርጉ እስከ ንጋት እየጮኸ የአንዱ እምነት ማጉያ ብቻ ከተነቀለ ጤና የሚለው ምክንያት ሽፋን ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። ያ ተከራካሪ አንቀጽ 52ንም ጠቀሰ። «ለፌዴራሉ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው፤ ሃይማኖት ደግሞ ለፌዴራሉ አልተሰጠም» አለ። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ግን አንቀጽ 52 ሥራ የሚያካፍለው በሁለት መንግሥታት መካከል ነው። ዜጋው እጅ ያለውን ነገር ቆርሶ ለክልል አይሰጥም። አንቀጽ 13(1) በየትኛውም ደረጃ ያለ የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኛ ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም የመብቶችን ምዕራፍ፣ የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት ይላል። በየትኛውም ደረጃ ሲል ቀበሌም አለበት። አንቀጽ 11ም መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ሲል ፌዴራል ወይም ክልል ብሎ አልለየም። ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ይህኛው ወገን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የአባ ጅፋርንም ነገር ያነሳሉ። ንጉሥ አባ ጅፋር 2ኛ ለምኒልክ እየገበሩ ጅማን በራሳቸው አስተዳደሩ፤ የክልል ሥልጣንም እንደዚያ ነው ይላሉ። ጅሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት እንደማንኛውም የጅማ ሰው እወደዋለሁ። ግን ያ ስምምነት የንጉሥና የንጉሥ ነበር። ቡና ለቃሚው በመሃል አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ዜጋውን በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል።

«አሜሪካ ክልሎች ነፃ ናቸው» የሚልም አለ። እዚያ በእርግጥ ነገሩ ረጅም ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያ ማሻሻያ የተናገረው ለኮንግረስ፣ ለፌዴራሉ ሕግ አውጪ፣ ነበር። ማሳቹሴትስ እስከ 1833 በሕግ የተደገፈ ቤተ ክርስቲያን ነበራት። ሃይማኖትን በነፃ የመከተል መብት ክልሎችንም እንደሚያስር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግልጽ የወሰነው በ1940 ነው፣ በካንትዌል ጉዳይ። እኛ ጋ መልሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንቀጽ 13 ተጽፏል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ እያጣራ ያቀርብለታል። ፍርድ ቤቶች ምዕራፍ ሦስትን ማክበር አለባቸው፤ የመጨረሻው ትርጉም ግን የእነሱ አይደለም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅትም አንቀጽ 93 የማይነኩ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል አንቀጽ 27 የለም። ከላይ የጠቀስኩት ቃል ኪዳን ግን በአንቀጽ 4(2) የሃይማኖት ነፃነት በአስቸኳይ ጊዜም አይታገድም ይላል። በዚህ ላይ የሕግ ሰዎች ገና እንከራከራለን።

ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ መጣች። በቤታቸው ተሰብስበው ይጸልያሉ። «ጋሼ፣ አንድ ሹም መጥቶ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው አለን፤ ምን እናድርግ?» አለችኝ። የሰጣችሁ ወረቀት አለ ወይ አልኳት። የለም። በቃል ብቻ ነው። በየትኛው ሕግ? አልነገራቸውም። በቃል የተነገረ ክልከላ የመጀመሪያው እግር እንኳ የለውም። ይግባኝ ለማለትም ሆነ በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት ወደ አጣሪ ጉባኤ ለመሄድ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ውሳኔ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁጭ ብለን አጭር ማመልከቻ ጻፍን። ክልከላው የሕጉ ቁጥርና ምክንያቱ ተጠቅሶ በጽሑፍ ይሰጠን የሚል ነው። ሰኞ ጠዋት ይዛው ሄደች።