የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ምንድን ነው? የፎልስ ቸርች ከተማ እንደ ማሳያ

የትምህርት ቤት ዲስትሪክት በአሜሪካ በአንድ በተወሰነ አካባቢ የሚገኙ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር፣ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ በጀትና የራሱ ሠራተኞች ያሉት የመንግሥት አካል ነው። በመላ አገሪቱ ወደ 13,000 የሚጠጉ ዲስትሪክቶች ያሉ ሲሆን፣ አንዳንዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ሲያስተምር ሌላው ከአንድ ወይም ከሁለት ትምህርት ቤት አያልፍም። አገር ቤት ተምሮ ያደገ ሰው ጉዳዩን ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ቢያመሳስለው በከፊል ይረዳዋል። ሆኖም የወረዳው ጽሕፈት ቤት የወረዳው አስተዳደር አንድ ክንፍ ነው፤ በጀቱም በአብዛኛው ከክልል በድጎማ መልክ የሚወርድ ነው። በአሜሪካ ግን የዲስትሪክቱን መሪዎች በብዙ ቦታ የሚመርጠው የአካባቢው ነዋሪ ነው፤ ከወጪውም ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ድርሻ የሚሸፍነው ይኸው ነዋሪ በቤቱና በመሬቱ ላይ የሚከፍለው ግብር ነው።

ልጅ ያለው ሰው ቤት ሲከራይ ወይም ሲገዛ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ዲስትሪክት እየመረጠ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ነገር በተለይ የሚያሳስት መልክ አለው። በስካይላይንና በቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ሐበሾች የፖስታ አድራሻቸው «ፎልስ ቸርች» ይላል፤ የሚኖሩት ግን በፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ ልጆቻቸውም የሚማሩት ከአገሪቱ ግዙፍ ዲስትሪክቶች አንዱ በሆነው በፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ነው። «ፎልስ ቸርች ሃይ ስኩል» የሚባለው ትምህርት ቤት እንኳ የካውንቲው እንጂ የከተማው አይደለም። የፎልስ ቸርች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜሪዲያን ይባላል። ስለዚህ በፖስታ አድራሻ ብቻ ተማምኖ የኪራይ ውል መፈረም አይገባም፤ ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ክልል ውስጥ እንዳለ ለከተማው ወይም ለካውንቲው ደውሎ መጠየቅ ቀላል ነው።

እውነተኛው የፎልስ ቸርች ከተማ ስፋቱ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቹ ከ15,000 በታች ነበሩ። ከፌርፋክስ ካውንቲ ተለይቶ ራሱን የቻለ ከተማ የሆነው በ1948 ሲሆን፣ ለዚህ ካነሣሡት ምክንያቶች ዋነኛው የራሱን ትምህርት ቤቶች በራሱ የማስተዳደር ፍላጎት ነበር። ዛሬ ያሉት ትምህርት ቤቶች አምስት ናቸው፤ ተማሪዎቹም 2,500 ገደማ ናቸው። ትምህርት ቤቶቹ የተከፋፈሉት በሰፈር ሳይሆን በክፍል ደረጃ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉት ማውንት ዳንኤል፣ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ኦክ ስትሪት፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ሜሪ ኤለን ሄንደርሰን፣ ከዘጠነኛ በላይ ያሉት ደግሞ ሜሪዲያን ይማራሉ፤ ከእነዚህ በፊት አንድ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤት አለ። በዚህም ምክንያት የሀብታሙ ሰፈር ልጅና የአፓርታማው ልጅ አንድ ክፍል ይገባሉ፤ በትልልቅ ዲስትሪክቶች ወላጆችን በየጊዜው የሚያጋጨው የሰፈር ወሰን ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። በእኔ አመለካከት የአነስተኛ ዲስትሪክት ትልቁ በጎ ነገር ይህ ነው።

ዲስትሪክቱን የሚመራው ሰባት አባላት ያሉት የትምህርት ቤት ቦርድ ነው። አባላቱ በነዋሪዎች ድምፅ ለአራት ዓመት የሚመረጡ ሲሆን፣ ምርጫው በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት በኅዳር ወር ገደማ ይካሄዳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይለወጡም ተራ በተራ ይመረጣሉ። በቨርጂኒያ የቦርድ አባላት ለረጅም ዘመን በሹመት እንጂ በምርጫ አይቀመጡም ነበር፤ በየአካባቢው በሕዝበ ውሳኔ ወደ ምርጫ ለመሸጋገር መንገዱን የከፈተው በ1992 የወጣው ሕግ ነው። ቦርዱ ፖሊሲ ያወጣል፣ በጀት አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዲስትሪክቱን ዋና ሥራ መሪ፣ ማለትም ሱፐርኢንቴንደንቱን ይቀጥራል። የዕለት ተዕለቱ ሥራ፣ ማለትም የርእሳነ መምህራን ምደባ፣ የመምህራን ቅጥር ዝግጅትና የትምህርት አሰጣጡ ክትትል፣ የሱፐርኢንቴንደንቱ ነው። አንድ የቦርድ አባል ብቻውን ለርእሰ መምህር ትእዛዝ መስጠት አይችልም፤ ሥልጣኑ ያለው ቦርዱ በይፋ ስብሰባ ተቀምጦ በድምፅ ሲወስን ነው። ይህን የማያውቅ ወላጅ ስለ ልጁ መምህር ቅሬታ ይዞ በቀጥታ ወደ ቦርድ ሲሄድ «በመጀመሪያ ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ» ተብሎ ይመለሳል፤ የተናቀም ይመስለዋል። ጉዳዩ ከመምህር ወደ ርእሰ መምህር፣ ከዚያ ወደ ሱፐርኢንቴንደንት ቢሮ፣ በመጨረሻም ወደ ቦርድ የሚሄድ መሆኑን ማወቅ ብዙ ድካም ያስቀራል።

የቦርዱ ሥልጣን እስከ ምን እንደሚደርስ ለማየት በታኅሣሥ 2020 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ቦርዱ በጆርጅ ሜሰንና በቶማስ ጀፈርሰን ስም ይጠሩ የነበሩት ሁለት ትምህርት ቤቶች ስማቸው እንዲቀየር ወሰነ፤ ሁለቱ የአሜሪካ መሥራች አባቶች ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ሜሪዲያንና ኦክ ስትሪት የሚሉት ስሞች ጸደቁ። ለዚህ ውሳኔ የከተማው ምክር ቤት ፈቃድ አላስፈለገም። የመካከለኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ስም አስቀድሞም የተለየ ታሪክ ነበረው፤ ሜሪ ኤለን ሄንደርሰን በዘር መለያየት ዘመን በዚያው አካባቢ ጥቁር ልጆችን ያስተማሩና ለጥቁሮች ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አጥንተው ያሳዩ መምህርት ነበሩ።

ስም ለመቀየር የማንንም ፈቃድ ያልጠየቀው ይኸው ቦርድ አንዲት ሳንቲም ግብር መጣል አይችልም። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዲስትሪክቱ ራሱ የግብር ተመን ያወጣል፤ ለምሳሌ በኒው ዮርክ ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ነዋሪው በየግንቦቱ በትምህርት ቤት በጀት ላይ በቀጥታ ድምፅ ይሰጣል። በቨርጂኒያ ግን ግብር የሚጥለውና ገንዘብ የሚመድበው የከተማው ምክር ቤት ወይም የካውንቲው ቦርድ ነው። የትምህርት ቤት ቦርዱ የሚያስፈልገውን ተምኖ ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱ ይወስናል። ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ ደግሞ ምክር ቤቱ «ይህን መምህር ቅጠር፣ ያኛውን ፕሮግራም ዝጋ» ማለት አይችልም፤ አከፋፈሉ የቦርዱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሳይወጣ የተረፈ የከተማው ገንዘብም፣ ምክር ቤቱ እንደገና ካልመደበው በስተቀር፣ ወደ ከተማው ካዝና ይመለሳል። ሥልጣኑ በአንድ ጠረጴዛ፣ ቦርሳው በሌላ ጠረጴዛ ላይ ያለ በመሆኑ፣ የክፍል መጣበብ ወይም የመምህራን ደመወዝ የሚያሳስበው ወላጅ በቦርዱ ስብሰባ ብቻ ተናግሮ ቢመለስ ግማሹን መንገድ ነው የሄደው።

የበጀት ዓመቱ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። ሱፐርኢንቴንደንቱ የአሜሪካ የብርድ ወራት ሳይወጡ ረቂቁን ያቀርባል፣ ቦርዱ ተወያይቶ ያጸድቃል፣ ከዚያ የከተማው ሥራ አስኪያጅ ከመንገዱ፣ ከፖሊሱና ከሌላው ወጪ ጋር አዋሕዶ ለምክር ቤቱ ያቀርበዋል፤ ውሳኔውም እስከ ሜይ አጋማሽ ድረስ ይጠናቀቃል። በእነዚህ ወራት ለሕዝብ አስተያየት የሚከፈቱ መድረኮች አሉ። ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል፤ በመድረኩ ተነሥቶ ለመናገር ግን ነዋሪ መሆን ይበቃል። ተከራይም ቢሆን የባለቤቱን ግብር በኪራዩ ውስጥ እየከፈለ ስለሆነ እንግዳ ነኝ ብሎ ወደ ኋላ የሚልበት ምክንያት የለም።

የግብሩ ስሌት ራሱ የተወሳሰበ አይደለም። ተመኑ የሚነገረው በእያንዳንዱ 100 ዶላር የቤት ግምት ነው። ተመኑ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ቢሆን፣ 800,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት 9,600 ዶላር ይከፍላል። ምክር ቤቱ በተመኑ ላይ አንድ ሳንቲም ቢጨምር የዚያ ቤት ባለቤት ሂሳብ በ80 ዶላር ከፍ ይላል። በበጀት ሰሞን «አንድ ሳንቲም» እየተባለ የሚካሄደው ክርክር ሁሉ ይህ ነው።

ከክፍለ ግዛቱ የሚመጣው ገንዘብ በሌላ ስሌት ይወሰናል። ቨርጂኒያ አንድ ትምህርት ቤት ቢያንስ ሊኖረው የሚገባውን የመምህራንና የአገልግሎት መጠን በሕግ ካስቀመጠች በኋላ፣ ወጪውን ከየአካባቢው ጋር በአቅም ትካፈላለች። አቅሙ የሚለካው በንብረት ግምት፣ በነዋሪዎች ገቢና በሽያጭ መጠን ሲሆን፣ ከሁሉም ትልቁን ክብደት የሚይዘው ንብረቱ ነው። በደቡብ ምዕራብ ተራሮች ላሉ ድሃ ካውንቲዎች አብዛኛውን የሚከፍለው ክፍለ ግዛቱ ነው። ፎልስ ቸርች ግን የአካባቢው ድርሻ ሊደርስበት ከሚችለው ጣሪያ፣ ማለትም 80 በመቶ ላይ የቆመ ነው፤ ከተሰላው ወጪ ክፍለ ግዛቱ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሸፍናል። የተሰላውም ወጪ ቢሆን ከእውነተኛው ያነሰ ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የጥናት ተቋም በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ገንዘብ ከአገሪቱ አማካይ በ14 በመቶ እንደሚያንስና ስሌቱም የትምህርት ቤቶችን ትክክለኛ ፍላጎት እንደማያንጸባርቅ አሳይቷል። ጉድለቱን የሚሞላው አካባቢው ነው፤ ፎልስ ቸርች መሙላት ይችላል፣ ብዙዎቹ አይችሉም።

እንዴት እንደሚሞላው የሜሪዲያን ሕንፃ ታሪክ በደንብ ያሳያል። አሮጌው ሕንፃ የቆመበት መሬት የከተማው ንብረት ሆኖ ሳለ እስከ 2014 ድረስ በፌርፋክስ ካውንቲ ክልል ውስጥ ነበር። ከተማው የውኃ አገልግሎት ድርጅቱን ለፌርፋክስ ሲሸጥ በስምምነቱ ውስጥ ያ መሬት ወደ ከተማው ክልል እንዲዛወር አደረገ። በዚህም በቦታው ላይ የሚሠራ ማንኛውም የንግድ ሕንፃ ግብሩን የሚከፍለው ለከተማው ሆነ። በኅዳር 2017 ነዋሪዎች አዲስ ትምህርት ቤት ለመሥራት የ120 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በሕዝበ ውሳኔ አጸደቁ። 15,000 ለማይሞላ ሕዝብ ይህ ከባድ ዕዳ ስለሆነ፣ ከግቢው 10 ኤከር ገደማ ለንግድና ለመኖሪያ ሕንፃዎች ተለይቶ ገቢው ዕዳውን እንዲያግዝ ታቀደ። አዲሱ ሕንፃ በ2021 መጀመሪያ ተከፈተ። የትምህርት ጥያቄ መስሎ የጀመረው ነገር በመጨረሻ የመሬት፣ የወሰንና የውኃ ቧንቧ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ፤ የአነስተኛ ዲስትሪክት አስተዳደር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጠው ኤስ ኦ ኤል የተባለው የክፍለ ግዛቱ ፈተና ዋነኛው መለኪያ ነው። ፎልስ ቸርች በዚህ ፈተናም ሆነ በምረቃ መጠን ከቨርጂኒያ ግንባር ቀደሞች መካከል ነው፤ አይ ቢ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርትም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ከተማው ከአገሪቱ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ ከፍተኛው ውጤት ምን ያህሉ የመምህራኑ ሥራ፣ ምን ያህሉ ልጆቹ ከቤት ይዘውት የመጡት እንደሆነ ጠቅላላው አኃዝ አይነግረንም። የቤት ሻጮች ድረ ገጾች ላይ ከዐሥር የሚሰጠው ነጥብ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይነግረናል።

የተሻለው መንገድ የክፍለ ግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት በየትምህርት ቤቱ የሚያወጣውን መረጃ ከፍቶ የራስን ልጅ የሚመስሉ ልጆች ውጤት መመልከት ነው፤ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ፣ ጥቁር ተማሪዎች፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች እያለ ለይቶ ያስቀምጣል። በአነስተኛ ዲስትሪክት ግን ይህም ጥንቃቄ ይሻል። በአንድ ክፍል ደረጃ እንግሊዝኛ የሚማሩት ልጆች ሃያ ብቻ ቢሆኑ፣ የአንድ ልጅ ማለፍ ወይም መውደቅ ውጤቱን በአምስት በመቶ ያንቀሳቅሰዋል፤ ቁጥራቸው በጣም ካነሰ ደግሞ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አኃዙ ጭራሹን አይወጣም። ስለዚህ የአንድ ዓመቱን ከመያዝ የሦስትና የአራት ዓመቱን ጎን ለጎን ማየት፣ አኃዙ ያልወጣ እንደሆነም «እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች በስንት ዓመት ውስጥ ከድጋፉ ይወጣሉ?» ብሎ ትምህርት ቤቱን በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውን በአማርኛ ለማቅረብ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው የማድረግ ግዴታ ከ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ የመነጨ ነው፤ አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው።