«ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ፣ ግራፊክስ ካርድ ይቀየርልኝ»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምፒውተር በምጠግንበት ቤት ደጋግሜ ከምሰማው ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ «ማሽኑ ተንቀራፍፏል፤ ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ይግባልኝ» የሚለው ነው። ጠያቂው ችግሩ ተመርምሮ እንዲነገረው አይፈልግም፤ ገንዘቡን ቆጥሮና ወስኖ ነው የሚመጣው። የወሰነው ግን ብዙውን ጊዜ በተሳሳተ ነገር ላይ ነው።

የግራፊክስ ካርድ ሥራ የተወሰነ ነው። የጌም ትዕይንቶችን፣ የስሪ ዲ ሥራዎችንና አንዳንድ የቪዲዮ ኢፌክቶችን አስልቶ ወደ ሞኒተር ይልካል። ዊንዶውስ ለመከፈት ደቂቃዎች የሚፈጅበት፣ ዎርድን ለመክፈት የሚያቃስት፣ ብራውዘሩ ላይ ጥቂት ገጾች ሲከፈቱበት የሚደርቅ ኮምፒውተር ግን የትኛውም ካርድ ቢገባለት አይፈጥንም። ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያሉት፣ በሦስተኛው ትውልድ ኮር አይ 5 የሚሠሩት ማሽኖች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የተሸከሙ ናቸው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። የዲስኩ መስመር 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ንባቡ በሰከንድ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ የሚያስፈልግዎት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ነው። ራሙም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) 4 ጊጋባይት ከሆነ ወደ 8 ወይም 16 ከፍ ይበል። ሁለቱ ተደምረው እንኳ ከአንድ ደህና ካርድ ያነሰ ዋጋ ሊያወጡ ይችላሉ።

አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ በአውቶካድ የሠራችው የወለል ፕላን አልንቀሳቀስ ስላላት ካርድ ልትገዛ መጣች። የወለል ፕላን ጠፍጣፋ (ቱ ዲ) ሥዕል ስለሆነ በአብዛኛው የሚያደክመው ፕሮሰሰሩንና ራሙን ነው፤ እኛም ኤስኤስዲና ራም ገጠምንላት፣ ፋይሉም ሳይንገራገጭ ተከፈተ። ከጊዜ በኋላ ሉሚዮን የተባለውን የሕንፃ ስሪ ዲ ማሳያ ፕሮግራም ስትጀምር ግን ካርድ በእርግጥ አስፈለጋት፤ ያ ፕሮግራም በዋናነት በግራፊክስ ካርድ ላይ የተመሠረተ ነውና። ሆኖም በዚያ አነስተኛ ኬዝ (የማሽኑ ሳጥን) ውስጥ የሚገባው ካርድ ለሉሚዮን ስለማይበቃ፣ ገንዘቧን አጠራቅማ ማሽኑን ራሱን እንድትቀይር ነበር የመከርኳት። ካርዱን ብሸጥላት ኖሮ ሁለት ጊዜ ትከስር ነበር።

ሁለተኛው የተሳሳተ እምነት «ጊጋባይቱ የበዛ ካርድ ይበልጣል» የሚለው ሲሆን፣ ሻጮችም ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። የካርዱ ሜሞሪ መጠን አንድ ነገር ነው፤ የሜሞሪው ፍጥነትና የቺፑ አቅም ሌላ ነው። ጂቲ 730 የተባለው ካርድ ዲዲአር 3 በተባለ ቀርፋፋ ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ተደርጎ ይሸጣል፤ የሜሞሪው መስመር ጠባብ (64 ቢት) የሆነው ዓይነት ግን በሰከንድ የሚያስተላልፈው መረጃ 14 ጊጋባይት ገደማ ነው። 2 ጊጋባይት ብቻ ያለው ጂቲኤክስ 1050 ደግሞ 112 ጊጋባይት ያስተላልፋል። በዚያ ላይ የጂቲ 730 ዋነኛ ዓይነቶች የተሠሩበት ኬፕለር የተባለው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለአዳዲስ ጌሞች የሚዘጋጅ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አይወጣለትም።

«ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከገባ ይሠራል» ማለትም አደገኛ ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) በሶኬቱ በኩል ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። የ7010 ሚኒ ታወር ፓወር ሰፕላይ ጠቅላላ አቅሙ 275 ዋት ሲሆን የካርድ ፓወር ገመድ የለውም። ስለዚህ 185 ዋት የሚበላውን አርኤክስ 580 የተባለ ካርድ ትተው፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልጉትን የጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም የጂቲኤክስ 1650 ዓይነቶች ይፈልጉ። ኬዙ ቀጭኑ ከሆነ ደግሞ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ በስተቀር ክዳኑ አይገጥምም። ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው የሳታ ገመድ ወደ ካርዱ ባለ 6 ፒን መሰኪያ የሚቀይረውን መቀየሪያ ማንም እንዳይገጥምልዎ እለምናለሁ። የሳታው መሰኪያ የሚችለው 54 ዋት ገደማ ሲሆን ካርዱ በዚያ በኩል እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከፒኖቹ ጋር የተጣበቀ መሰኪያ ከአንድ ደንበኛ ማሽን ውስጥ ነቅያለሁ።

«ፕሮሰሰሩ አሮጌ ቢሆንም ካርዱ ይሸፍነዋል» ለሚሉ፦ ጌሙ እየሄደ ሳለ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የጥራት መጠን) ዝቅ ያድርጉት፤ በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት ካልጨመረ፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ፕሮሰሰሩ ነውና ካርድ አይግዙ።

«አዲስ ካርድ በአሮጌ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አይሠራም» የሚለውም ስሕተት ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ሶኬት ሲሆን፣ አሮጌ ቢሆንም አዲሱ ካርድ ይሠራል፣ የፍጥነት ቅናሹም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። እንደ አርኤክስ 6400 ያሉ በአራት መስመር ብቻ የሚገናኙ ካርዶች ግን በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ በግልጽ ይደክማሉ።

ካርዱን ገዝተው «ምንም ለውጥ የለውም» ብለው የሚመልሱም አሉ። ከመመለስዎ በፊት የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው በካርዱ ላይ እንጂ እንደ ቀድሞው በማዘርቦርዱ ላይ አለመሆኑን ይመልከቱ።