ኤሜካ ኦግቦ፦ የሌጎስን ጩኸት ሙዚየም ያስገባ አርቲስት

ሌጎስ ውስጥ ቢጫ ሚኒባሶች አሉ። ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው። የከተማው ሰው "ዳንፎ" ይላቸዋል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ኦጁኤሌግባ! ኦጁኤሌግባ!" እያለ ይጣራል። ለሚሳፈረው ሰው ደግሞ "ዝርዝር ይዘህ ግባ" ይለዋል። መውረድ የፈለገ ተሳፋሪ በዮሩባ "ኦዋ!" ብሎ ይጮኻል። እኛ "ወራጅ አለ!" የምንለው መሆኑ ነው። ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ናይጄሪያዊው አርቲስት ኤሜካ ኦግቦ ለዓመታት ሲቀዳ የኖረው ይህን ድምፅ ነው። የረዳቶቹን ጥሪ "የቃል ካርታ" ይለዋል። እውነት ነው። መንገዱን የማያውቅ ሰው ጥሪውን ብቻ እየሰማ ከተማዋን ሊያቋርጥ ይችላል።

ኦግቦ እ.ኤ.አ. በ1977 ኢኑጉ በምትባል የናይጄሪያ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንሱካ በሚገኘው የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተማረ፤ ሙያውም ግራፊክ ዲዛይን ነበር። ወደ ድምፅ ያዞረው በ2008 ግብፅ ውስጥ ፋዩም ላይ የወሰደው ሥልጠና ነው። ሌጎስ ሲመለስ መቅጃውን ይዞ መንገድ ወጣ። በ2014 ዳአድ የተባለው የጀርመን ተቋም በአርቲስቶች ፕሮግራሙ ጋበዘው፤ በርሊንም ሁለተኛ ከተማው ሆነች።

የሚሠራው የድምፅ ኢንስታሌሽን ነው። ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሰው ፊቱ ቆሞ ያየዋል። ኢንስታሌሽን ግን ክፍሉን ራሱን ይይዛል፤ ሰው ውስጡ ገብቶ ይዞራል። ስለዚህ ስፒከሩ የት እንደተቀመጠ፣ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ምን ላይ እንደተገጠመ ሁሉ የሥራው አካል ነው። ለምሳሌ ዋሽንግተን በሚገኘው በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም በ2016 ያቀረበውን እንይ። ድምፁን የቀዳው ባሎጉን ከተባለው የሌጎስ ትልቅ ገበያ ነው። ስፒከሮቹን የገጠመው ደግሞ ቀለም በተቀባ የብረት ትሪ ላይ ነው። የገበያ ሴቶች ዕቃቸውን የሚደረድሩበት ዓይነት ትሪ ማለት ነው። የሻጮቹ ድምፅ ከራሳቸው ዕቃ ውስጥ ይወጣል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ልቤን የነካኝ ግን በ2015 ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ትልቅ የጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ የቀረበው ነው። ቢየናሌውን የመራው ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር ነበር። ኦግቦ በርሊን ውስጥ የሚኖሩ 10 አፍሪካውያን ሰበሰበና የጀርመንን ብሔራዊ መዝሙር በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አዘመራቸው። ኢግቦ፣ ዮሩባ፣ ትዊ፣ ሊንጋላ፣ ኪኮንጎ እና ሌሎችም አሉበት። የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ለብቻው ቀዳ። ለእያንዳንዱም አንድ ስፒከር ሰጠው። 10 ሰዎች፣ 10 ስፒከሮች።

አንዱ ስፒከር አጠገብ የቆመ ሰው አንድ ሰው ብቻ ሲዘምር ይሰማል። ትንፋሹ ሳይቀር ጆሮው ውስጥ ይገባል። ወደ መሃል ሲጠጋ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይሆናሉ። ዜማው የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን በ1797 የደረሰው ነው፤ አልተነካም። ዛሬ የሚዘመረው ስንኝ "አንድነት፣ ፍትሕና ነፃነት" ብሎ ይጀምራል። እሱም ቢሆን ተተረጎመ እንጂ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚዘምረው አፍ ብቻ ነው። የዚህ አገር ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ማንም ሳይናገረው ክፍሉን ይሞላዋል። ቢየናሌው የተከፈተው በግንቦት ነው። በዚያው ዓመት ወደ 890 ሺህ የሚጠጉ ጥገኝነት ፈላጊዎች ጀርመን ገቡ።

ይህን ሥራ ስደትን የቀመሰ ሰው ሲሰማው ሌላ ነገር ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ። በሰው አገር ቋንቋ መናገር አንድ ነገር ነው። የሰውን አገር መዝሙር በእናት ቋንቋ መዘመር ግን ሁለቱንም አገር አንድ ላይ መያዝ ነው። ኦግቦ ይህን አካሄድ ወደ ስኮትላንድም ወስዶታል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ በ2021፣ ኤድንብራ በሚገኘው በስኮትላንዳዊው ገጣሚ በርንስ መታሰቢያ ውስጥ የገጣሚውን ዝነኛ የስንብት መዝሙር፣ "ኦልድ ላንግ ሳይን"ን፣ አሰማ። የዘመሩት ከኅብረቱ አገሮች መጥተው ስኮትላንድ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም በየቋንቋቸው።

በ2017 ዶኩሜንታ የተባለው ትልቅ ዐውደ ርዕይ በአቴንስና በጀርመኗ ካሰል ሲካሄድ በሁለቱም ከተሞች ሥራ ነበረው። አቴንስ ላይ ኤፒረስ ከተባለው የግሪክ ክፍል የመጣ የቆየ ሙሾ በባዶ የኮንክሪት አዳራሽ ውስጥ አሰማ። ግድግዳው ላይ የዓለም የአክሲዮን ገበያ ዋጋ በመብራት ይሮጣል። ግሪክ ያኔ በዕዳ ተይዛ ነበር። ሙሾው በጆሮ፣ ዋጋው በዓይን፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። የሥራው ርዕስ ከቦብ ማርሌ ስንኝ የተወሰደ ነው። በካሰል ደግሞ ጥቁር ቢራ ጠምቆ አቀረበ። ያ ከድምፅ ወጣ ያለ ቢሆንም ጉዳዩ ያው ስደት ነው።

ከእኛም ከተማ ጋር ይገናኛል። አዲስ አበባ ላለው ለአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ሕንፃ የድምፅ ሥራ አዘጋጅቷል። ሕንፃው በጀርመን ገንዘብ ተሠርቶ በ2016 የተመረቀው፣ በጁሊየስ ኔሬሬ ስም የሚጠራው ነው።

ዞሮ ዞሮ ግን ኦግቦ ወደ ሌጎስ ይመለሳል። በ2017 የወቅቱ የሌጎስ ገዥ ዳንፎዎችን ከመንገድ የማንሳት ዕቅድ እንዳላቸው ተናገሩ። ከተማዋ ትዘምን ተብሎ ነው። አውቶቡስ በሌላ አውቶቡስ ይተካል። የረዳቱ ጥሪ ግን ሚኒባሱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ቦታ የለውም። የእኛም የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እንደዚያው ነው። ስንቶቻችን ቀድተነዋል?

በ2022 ኦግቦ አንድ አልበም አወጣ። ርዕሱ የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር ነው፤ በ6 ዲግሪ ሰሜን እና በ3 ዲግሪ ምሥራቅ የሚጀምር። ቁጥሩን ካርታ ላይ ያስገባ ሰው ኦጁኤሌግባ ላይ ያርፋል፤ ዳንፎዎቹ ተሰልፈው ሰው የሚጣሩበት ቦታ።