ፕሌን ቴክስት ምንድን ነው?

ፕሌን ቴክስት ማለት ፊደላት፣ አኃዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦች፣ ክፍት ቦታዎችና የመስመር መለያዎች በቅደም ተከተል የሰፈሩበት፣ ስለ መልካቸው ግን ምንም የማይናገር ፋይል ነው። የፎንት ዓይነት፣ የፊደል መጠን፣ ቀለም፣ ሥዕልና ኅዳግ በውስጡ ቦታ የላቸውም። ስሙም አብዛኛውን ጊዜ በቲኤክስቲ ቅጥያ ያበቃል።

በጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የተዘጋጀ ሰነድ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ማይክሮሶፍት ዎርድ ከ2007 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ የሚጠቀምበት የዶክኤክስ ፋይል ከውጭ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ በዚፕ የታመቁ የበርካታ ፋይሎች ጥቅል ነው፤ የጽሑፉ አካል በአንዱ፣ የቅርጽ መመሪያው በሌላው፣ ሥዕሎቹም ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። «ሰላም» የሚለው ቃል ብቻውን በፕሌን ቴክስት 9 ባይት ሲይዝ፣ በዶክኤክስ ግን በሺዎች የሚቆጠር ባይት ይወስዳል። ማከማቻ በበዛበት ዘመን የመጠኑ ልዩነት እምብዛም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ጥቅሉን ፈትቶ ገጹን መልሶ የሚያቆም ፕሮግራም የግድ ማስፈለጉ ነው። ፕሌን ቴክስትን ግን ማንኛውም ኮምፒውተር፣ በጣም ቀላል በሆነ የጽሑፍ አርታዒ ሳይቀር ይከፍተዋል። በተጨማሪም የአዘጋጁን ስም፣ የተሰረዙ ዐረፍተ ነገሮችን ወይም የአራሚን አስተያየት ደብቆ አይዝም።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ሰነዱን በዚህ ቅርጸት አስቀምጠው ከዘጉት በኋላ የደመቁት ቃላት ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላሉ፣ ሥዕሎቹ ይጠፋሉ፣ የሠንጠረዡም መስመሮች ይፈርሳሉ፤ ፋይሉን ዳግም በዎርድ መክፈት የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ የቲኤክስቲው ፋይል ከዋናው ሰነድ ጎን የሚቀመጥ ቅጂ ቢሆን ይመረጣል።

«ፕሌን» የሚለው ስም የሚሸፍነው አንድ ምርጫ አለ፤ እርሱም ኢንኮዲንግ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በየትኛው ቁጥር ተወክሎ እንደሚጻፍ የሚወስነው ስምምነት ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አስኪ የተባለው ኢንኮዲንግ 128 ቦታዎች ብቻ ስለነበሩት ለግዕዝ ፊደል አልተረፈውም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት ለየራሳቸው ቁጥር ወደሚሰጠው የጋራ ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ይስሉ ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ ሰነድ በፕሌን ቴክስት ሲቀመጥ ፎንቱ ስለሚቀር፣ አማርኛ የነበረው ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይወጣል፤ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

በዩኒኮድ የተጻፈም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። ዎርድ ሰነዱን በፕሌን ቴክስት ሲያስቀምጥ የትኛውን ኢንኮዲንግ እንደሚጠቀም ይጠይቃል፤ የዊንዶውስን ነባሪ ኢንኮዲንግ ሳያስተውሉ ካጸደቁለት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በጥያቄ ምልክት ሊተካ ይችላል፣ የተተካውም ከዚያ ፋይል ፈጽሞ አይገኝም። ፕሮግራሙ በትክክል የማይቀመጡትን ፊደላት በቀይ አድርጎ ያሳያል፤ ነገር ግን የመስኮቱን ማስጠንቀቂያ አንብቦ የሚጫን ሰው ጥቂት ነው። ትክክለኛው ምርጫ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. የነደፉት ዩቲኤፍ-8 ሲሆን፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ይጽፋል።

ርዕስና የደመቀ ቃል እንዲቆይለት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ማይክሮሶፍት በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣውን አርቲኤፍ የተባለ የፋይል ቅርጸት ነው። አርቲኤፍ የቅርጽ ትእዛዞቹን በሚነበቡ ፊደላት ስለሚጽፍ እንደ ፕሌን ቴክስት በቀላል አርታዒ ሊከፈት ይችላል፤ ለአማርኛ ግን ይህ ጥቅሙ ብዙም አይሠራም፣ ምክንያቱም ፋይሉን በቀላል አርታዒ ሲከፍቱት «ሰ» የነበረው ፊደል 4656 የሚል ቁጥር ሆኖ ይገኛልና። በእኔ ግምት የተሻለው ጆን ግሩበር በ2004 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ማርክዳውን ነው፤ በርዕሱ ፊት # ይደረጋል፣ የሚደምቀው ቃል በሁለት በሁለት ኮከብ መካከል ይገባል፣ ፋይሉም በዩቲኤፍ-8 እስከተቀመጠ ድረስ «ሰ» በየትኛውም አርታዒ «ሰ» ሆኖ ይነበባል።