«ወይ ሳይንስ፣ ወይ ሃይማኖት»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳይንስና ሃይማኖት አንዱ ሌላውን ካላሸነፈ የማይኖር ይመስል ጎራ ለይቶ መከራከር ተለምዷል። አማኙ ሳይንስን በጥርጣሬ ያያል፤ ተማርኩ ባዩ ደግሞ ጸሎት የሚያደርሰውን ሰው እንደ ኋላ ቀር ይቆጥራል። ነገሩ በክርክር ብቻ ቢያበቃ ባልጻፍኩ ነበር። ግን በዚሁ የተነሳ መድኃኒታቸውን የጣሉ ሰዎች አሉ፤ አንዷን በቅርብ አውቃታለሁ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

«ሃይማኖትና ሳይንስ ከጥንት ጀምሮ ጠላት ናቸው»

ይህን የሚል ሰው አንድ ጊዜ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት) ከሚያውቅ መሪጌታ አጠገብ ቁጭ ይበል። የ2017ን ፋሲካ እናውጣ። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠረው 5500 ላይ 2017 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ተብሎ ይቀነሳል፣ 11 ይቀራል፤ ወንበር የሚባለው ይህ ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 29 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልመጡ ስሌቱ ተበላሽቷልና ከመጀመሪያው ይሠራል። ከመጥቅዑ ተነስቶ በቀረው ስሌት የነነዌ ጾም የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ዋለ።

19 ቁጥር ዝም ብላ አልመጣችም። 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወራት በሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት ብቻ ይገናኛሉ። የቆሎ ተማሪው በቃሉ የሚያሰላው የሥነ ፈለክ ሒሳብ ነው፤ የሚያሰላውም ለበዓል ነው። በእስልምናም እንዲሁ፦ የሙስሊም ሊቃውንት ትሪጎኖሜትሪን ካራቀቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ከየሀገሩ የቂብላን፣ ማለትም በሶላት ጊዜ ፊት የሚዞርበትን የመካ አቅጣጫ በትክክል ማግኘት ነበር። ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ሕግ በአተር ተክል ላይ ያገኘው ግሪጎር ሜንዴል መነኩሴ ነበር፤ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው።

«ጋሊሊዮስ?» መባሉ አይቀርም። በጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላይ በደል ደርሷል፤ መሸፋፈን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1633 በሮም የሃይማኖት ችሎት ፊት ቀርቦ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳቡን እንዲክድ ተገዷል፤ እስከሞተበት እስከ 1642 ድረስም በቤት ውስጥ እስር ቆይቷል። ነገር ግን ብዙዎች እንደሚያወሩት አልተቃጠለም። ሃይማኖቱንም አልተወም፤ እስከ መጨረሻው ካቶሊክ ነበር። ፀሐይን መሐል አድርጎ ምድርን በዙሪያዋ ያስኬደው ኮፐርኒከስ ራሱ የካቴድራል አገልጋይ ነበር፤ በ1543 የታተመውን መጽሐፉን ያበረከተውም ለሮሙ ጳጳስ ነው። ስለዚህ የጋሊሊዮ ታሪክ ሥልጣን ያለው አካል የማያውቀውን ነገር ሲፈርድ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ከዚያ አልፎ የሁለት ሺህ ዓመት ጦርነት ማስረጃ ማድረግ ግን ልክ አይደለም።

«ሳይንስም እኮ ያው እምነት ነው፤ አንተም አቶምን አላየህም»

ይህ በብዛት የምሰማው ነው፤ ከፊሉ የአማርኛችን ጣጣ ይመስለኛል። ለሁለቱም «ማመን» እንላለን። ግን ልብ በሉ፤ «ሐኪሙን አምናለሁ» እና «በእግዚአብሔር አምናለሁ» አንድ አይደሉም። ሐኪሙን የማምነው ሥራው ስለሚፈተሽ ነው፤ ከተሳሳተ ሌላ ሐኪም አየዋለሁ። በእግዚአብሔር ማመን ግን ራስን መስጠት ነው፤ በላቦራቶሪ ውጤት የሚሻር ወይም የሚጸና አይደለም።

ጨጓራን እንውሰድ፤ ከመካከላችን ያላመመው ጥቂት ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት፣ ከአሲድ መብዛትና ከቅመም ነው ይሉ ነበር። ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል፣ «አይደለም፣ ባክቴሪያ አለ» ሲሉ የሰማቸው አልነበረም። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ታመመ፤ ጨጓራው ሲመረመርም ተቆጥቶና ባክቴሪያው ሰፍሮበት ተገኘ። ሌሎች ደጋግመው አረጋገጡት፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው «ኤች ፓይሎሪ አለብህ» ተብሎ አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው በዚህ የተነሳ ነው።

የትናንቱን መምህር ስህተት ያሳየ ሰው የሚሸለምበት ቤት ነው ሳይንስ። ሳይንቲስቶችም እልኸኞች ናቸው፣ በሥልጣንና በገንዘብም ይሳሳታሉ፤ ነገር ግን መሳሳታቸው የሚታወቅበት መንገድ አለ። ሃይማኖትን በዚህ መለኪያ መለካት ሃይማኖትን ያሳንሳል፤ ሳይንስን «እምነት ነው» ማለትም ሰውን ከዚህ ፍተሻ ያርቃል።

«ቲዎሪ ማለት ግምት ነው» እና «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ»

በሳይንስ ቋንቋ ቲዎሪ ብዙ ፈተና ያለፈ ማብራሪያ ነው። በሽታ ከጀርም ይመጣል የሚለውም ቲዎሪ ይባላል፤ ማንም ግን ግምት ነው ብሎ ሳይታጠብ ቀዶ ጥገና አይገባም። ሳይንሱም ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ መጣን አይልም፤ በጣም ሩቅ በሆነ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው የሚለው። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህን ተቀብሎ አማኝ መሆን ይቻላል ወይ ለሚል፣ የሰውን ዘረ መል ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ዝግመተ ለውጥን የሚቀበል ክርስቲያን ነው።

«ሳይንስ ያገኘው ሁሉ ቀድሞ በመጽሐፋችን ተጽፏል»

በቅን ልቦና የሚባል ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል። ስለዚህ ጉዳይ ከማንም ይልቅ የጆርጅ ለሜትር ታሪክ ያስተምራል። ቤልጂየማዊ ቄስ ነው፤ ጠፈር እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 በሒሳብ ያሳየ፣ በኋላም ሁሉ ከአንድ ጅማሬ ተነሳ ያለ፣ የቢግ ባንግ ሐሳብ አባት። በ1951 ጳጳስ ፒየስ 12ኛ ይህ ግኝት ፈጣሪ መኖሩን ይመሰክራል የሚል ንግግር ሲያደርጉ፣ ቄሱ ደስ አላላቸውም። ቲዎሪው ከሃይማኖታዊው ጥያቄ ውጭ መቆም አለበት ብለው ያምኑ ነበር። እምነትን በዛሬ ግኝት ላይ ካቆምነው፣ ነገ ግኝቱ ሲሻሻል አብሮ ይናጋል። የተቃራኒው ወገንም ያው ነው፤ «ሳይንስ ፈጣሪ እንደሌለ አረጋግጧል» የሚል ሰው የትኛው ሙከራ እንዳረጋገጠለት ሊነግረን አይችልም።

«ጠበል የጀመረ መድኃኒት አይውሰድ»

ስሟን የማልጠራው ጎረቤታችን የዕድሜ ማራዘሚያ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) የምትወስድ ነበረች። ያኔ ጠዋትና ማታ ነበር የሚዋጠው። ጠበል ቦታ ያገኘቻት አንዲት ሴት «እምነትሽ ሙሉ ከሆነ ክኒን ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። ብልቃጡን ጣለችው። ለጥቂት ወራት ደህና መሰለች፤ ነገሩን አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል፤ ጉዳቱ ግን ቶሎ አይታይም፤ መድኃኒቱን የተላመደ ዓይነትም ሊፈጠር ይችላል። እናቴ ልትጠይቃት ስትሄድ ከአልጋ መነሳት አቅቷት፣ ቢጫው ጀሪካን ከራስጌዋ ተቀምጦ ነው ያገኘቻት።

መድኃኒቱን ጣይ ያለቻት ሃይማኖቷ አልነበረችም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር ፈጥሮታልና አክብረው ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው። በእስልምናም አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ የሚናገር የታወቀ ሐዲስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ በአንድነት ይወሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል።

ይህን ያስረዷት የንስሐ አባቷ ናቸው። እጇን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው የወሰዷትም እሳቸው። አሁን መድኃኒቱ በቀን አንድ ፍሬ ሆኖላታል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የስልኳ ደወል ይጮኻል፤ አማትባ፣ ከሃይላንዱ ጠበል በብርጭቆ ቀድታ፣ ክኒኗን በሱ ትውጣለች።