ስለ መጀመሪያው አውሮፕላን የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአውሮፕላን ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የራይት ወንድማማቾች ስም ነው፤ ይገባቸዋልም። ስለ እነሱ በልማድ የሚነገረው ግን ትልቁን ሥራቸውን ይሸፍነዋል። (ቀኖቹም ዓመታቱም እ.ኤ.አ. ናቸው።)

"ሰው መጀመሪያ የበረረው በ1903 ነው"

በ1783 ሁለት ፈረንሳውያን በሞንጎልፊየ ወንድማማቾች የሞቀ አየር ፊኛ ፓሪስ ላይ ለ25 ደቂቃ ያህል በረዋል። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታልም በ1890ዎቹ ሞተር በሌለው ክንፍ ከኮረብታ እየተነሳ 2,000 ጊዜ ያህል ተንሳፏል። የራይቶቹ አውሮፕላን የሚለየው ከአየር የሚከብድ፣ በራሱ ሞተር የሚሄድና አብራሪው የሚቆጣጠረው በመሆኑ ነው።

"የጠፋው ኃይለኛ ሞተር ነበር"

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሳሙኤል ላንግሌይ ከአሜሪካ ጦር መሥሪያ ቤት 50,000 ዶላር ተሰጥቶት፣ 52 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገጥሞ፣ አውሮፕላኑ በ1903 ሁለት ጊዜ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። የራይቶቹ ሞተር 12 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ የሠራውም የብስክሌት ሱቃቸው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር ነው።

እነሱን ያስጨነቃቸው ሌላ ጥያቄ ነበር፦ አየር ላይ ከወጣ በኋላ እንዴት ይመራል? ሊሊየንታል ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ነበር የሚመራው፤ በ1896 ወድቆ ሞተ። በራይቶቹ አውሮፕላን ግን አብራሪው በሆዱ ተኝቶ ዳሌውን ወደ ጎን ሲገፋ፣ ሽቦዎች የክንፎቹን ጫፍ ይጠመዝዛሉ፤ የኋላው መሪም አብሮ ይዞራል። አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በእጅ የሚያዝ ማንሻ ነው። ዛሬ ክንፉ ባይጠመዘዝም፣ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚመሩት በእነዚሁ ሦስት አቅጣጫዎች ነው፦ ወደ ጎን በማዘንበል፣ ወደ ግራና ቀኝ በመዞር፣ አፍንጫን ከፍና ዝቅ በማድረግ።

"ዕድል የቀናቸው ብስክሌት ጠጋኞች ነበሩ"

ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በ1901 ሙከራቸው እንዳሰቡት ሳይሆን ሲቀር፣ ንፋስ የሚነፍስበት ሣጥን ሠርተው ወደ 200 የሚሆኑ የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑ። የክንፍን የማንሳት ኃይል ለማስላት ሁሉም የሚተማመንበት ቁጥር የተሳሳተ መሆኑንም ደረሱበት።

"ዓለም ወዲያው አጨበጨበላቸው"

ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ፣ የዕለቱ አራተኛው 59 ሰከንድ ፈጀ። ጥቂት ጋዜጦች ብቻ፣ እነሱም አዛብተው፣ ዘገቡት። አውሮፓ ውስጥ ብዙዎች አላመኑም። ነሐሴ 8 ቀን 1908 ዊልበር ራይት ፈረንሳይ ውስጥ ለማን (Le Mans) በተባለች ከተማ አጠገብ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ በረራ እንደ ልቡ ሲዞር ግን ጥርጣሬው አበቃ። ከተመልካቾቹ አንዱ ፈረንሳዊው አብራሪ ሉዊ ብሌሪዮ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በአውሮፕላን ከፈረንሳይ ባሕሩን ተሻግሮ እንግሊዝ አረፈ።